የአንዲት ገጠር መንደርን አቀማመጥና ሕዝብ አጣርቶ መመዝገብ፦ በጅማ ዙሪያ ለሚሠሩ

በጅማ ዞን ስለ አንዲት መንደር ለመጻፍ የተነሣን ሰው ገና ከጅምሩ የሚያደናቅፈው አንድ ቃል አለ፦ «ገንዳ»። በአፋን ኦሮሞ ቀበሌውም ገንዳ ነው፣ በቀበሌው ውስጥ ያለችው ትንሿ መንደርም ገንዳ ናት። «ገንዳችሁ ስንት ሰው አለው?» ብትሉ የቀበሌው ሊቀመንበር የቀበሌውን አምስትና ስድስት ሺህ ይነግራችኋል፤ አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ደግሞ የመንደራቸውን ሰባትና ስምንት መቶ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ዞን» የሚለውም ያው ነው። ጅማ ዞን አለ፣ በቀበሌ ውስጥ ደግሞ «ዞን 1»፣ «ዞን 2» እየተባለ የሚጠራ ክፍል አለ፣ ከሥሩም ጋሬ የሚባል ትንሽ የነዋሪዎች ቡድን ይመጣል። ስለዚህ ከማንኛውም ቁጥር በፊት በማስታወሻችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦ «ይህ ጽሑፍ በእገሌ ወረዳ፣ በእገሌ ቀበሌ፣ በቀበሌው ዞን 2 ስለምትገኘው እገሊት መንደር ነው፤ ወሰኗም ከዚህ እስከዚህ ነው»። ይህ ካልተጻፈ በኋላ የሚመጣው ስፋትም ሆነ የሕዝብ ብዛት የማን እንደሆነ አይታወቅም።

መቼ መሄድ፣ ማንን ማናገር

ለሥራው የሚመቸው ጥርና የካቲት ነው። ቡናው ተለቅሞ አልቋል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰው በቤቱ ይገኛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሄዳችሁ ቡና ለቃሚዎች ከዳውሮ፣ ከከፋና ከወላይታ ሳይቀር መጥተው በየጓሮው ያድራሉ፤ ያን ጊዜ የሚቆጠረው የመንደሩ ሕዝብ አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃውም ወንዙም አያሳልፍም፣ ምንጩም ሞልቶ ስለሚያታልል የውኃ መለኪያችሁ ሁሉ ከእውነቱ ይበልጣል። ከሳምንቱ ቀናት የገበያውን ቀን ተዉት። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን ወንዶቹ በአንድ ቦታ ስለሚገኙ የመጣችሁበትን ለማስረዳት ጥሩ ሰዓት ነው። ረመዳን ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚደክም ጥያቄውን ጠዋት ጨርሱ።

ከወረዳው ደብዳቤ ይዛችሁ በመጀመሪያ የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅና ሊቀመንበር፣ ከዚያ የአፎሻውን ዳኛ አናግሩ። አፎሻ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ በጅማ ገጠር ከማንኛውም መዝገብ በፊት ማን ቤት እንዳለው የሚያውቅ ማኅበር ነው። የአፎሻው ዳኛ ካመነባችሁ የሚዘጋባችሁ በር አይኖርም።

ስልክ አንሥቶ በቡና ውስጥ የሚዞር ሰው ሲታይ ገበሬው መጀመሪያ የሚያስበው «መሬቴ ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ወይም ሊወሰድ ነው» ብሎ ነው። ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ስብሰባ ላይ አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ የማንንም ማሳ ለይታችሁ አትለኩም፣ የማንንም ስም አታወጡም፣ የሠራችሁትን አንድ ቅጂ ለመንደሩ ትሰጣላችሁ። ሰው ከፈራ የልጆቹን ቁጥር ይቀንሳል፣ የከብቱን ደግሞ ጨርሶ አይናገርም።

ወሰኑን በእግር መዞር

ቀበሌዎች ዛሬ ያላቸውን ቅርጽ የያዙበት መነሻ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በአዋጁ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ተደረገ። በኋላ ብዙዎቹ ማኅበራት ተዋሕደው ሰፊ ቀበሌ ሆነዋል። አዛውንቶች «የኛ ቀበሌ» ሲሉ የድሮውን ማኅበር ማለታቸው ሊሆን ስለሚችል «ከመዋሐዱ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መንደር በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን የለውም። ወሰኑን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ከየአቅጣጫው አንድ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ነዋሪዎችን ይዛችሁ ዙሩት። 300 ሄክታር አካባቢ ያላት መንደር ዙሪያዋ ሰባትና ስምንት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ተጨምሮበት የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው። የስልኩን ጂፒኤስ ከፍታችሁ መሥመሩ በታጠፈበት ሁሉ ነጥብ ያዙ፤ ቀጥ ባለ ቦታ በየ100 ሜትሩ ይበቃል።

ጅማ ላይ ጂፒኤስን የሚያስቸግረው የቡናው ጥላ ነው። በሰሳ፣ በዋንዛና በብርብራ ሥር ስትሆኑ ነጥቡ 10 እና 20 ሜትር ሊስት ይችላል። ነጥብ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ የሚታየው ስሕተት ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ፣ ካልወረደ ወደ ገላጣው ወጥታችሁ ያዙና ወደ ወሰኑ ያለውን ርቀት በእርምጃ ጨምሩ። የአንድ ሰው ተራ እርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የራሳችሁን በ100 ሜትር መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ እወቁት።

ወሰኑ ወንዝ ከሆነ መሐሉ ነው ወይስ ዳሩ? ይህን ጻፉ። ወንዙ በየሰፈሩ ስሙን ስለሚቀይር ከላይና ከታች የሚጠራበትንም መዝግቡ። አራቱ ሰዎች ያልተስማሙበት ቦታ ካለ ሁለቱንም መሥመር ያዙና ካርታው ላይ በነጠብጣብ አመልክቱት። ዳኛ ሆናችሁ አትፍረዱ። የአንድ ጨፌ (ረግረጋማ የሣር መስክ) የግጦሽ ክርክር ለዓመታት የቆየ ሊሆን ይችላል፣ የእናንተ መሥመር ደግሞ ነገ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ገበሬው መሬቱን የሚነግራችሁ በፋጫሳ ነው። በተለምዶ አራት ፋጫሳ አንድ ሄክታር ተደርጎ ይሰላል፤ ሆኖም ቃሉ ከዘር መበተን የመጣ እንደመሆኑ ልኩ ከቦታ ቦታ ይሰፋል ይጠብባል። በፈቃደኛ ገበሬ ማሳ ላይ ሁለት ሦስቱን ለክታችሁ የዚያችን መንደር ፋጫሳ እወቁ። በይዞታ ደብተር ላይ ያለው ስፋት የሚጻፈው በሄክታር ስለሆነ ለማመሳከር ይረዳል።

ነጥቡ፣ ከፍታውና የውኃው መንገድ

ጅማ ከተማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቃ በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። የመንደራችሁን መጋጠሚያ ስትጽፉ 7 የሚጀምረው ቁጥር ይቀድማል፣ 36 የሚጀምረው ይከተላል። ሲገላበጥ ነጥቡ አልጄሪያ ውስጥ አናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል፤ ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ከነጥብ በኋላ አራት አሐዝ ይበቃል፤ አራተኛው አሐዝ 11 ሜትር ያህል ነው። የመንደር «መሐል» ብላችሁ የምትይዙት ነጥብም ሊጠየቅ የሚችል ቦታ ይሁን፤ መስጊዱ በር፣ ትምህርት ቤቱ በር ወይም ትልቁ ዋርካ።

በ1 ለ50,000 የታተመውን የአገሪቱን ካርታ ካገኛችሁ ወርቅ ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጅረቱና የከፍታ መሥመሩ በግልጽ ይታያል። ግን አሮጌዎቹ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው የልኬት መሠረት ሲሆን ስልካችሁ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱን ሳታስተካክሉ ካደራረባችሁ ነጥባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ለትንሽ መንደር ይህ ማለት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ሄዶ ተቀመጠ ማለት ነው። በድሮ ሰነድ ስትፈልጉ ደግሞ አካባቢው በከፋ ክፍለ ሀገር ሥር እንደነበረ አትርሱ፤ «ጅማ ዞን» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከ1980ዎቹ በፊት የተጻፈውን አያገኝም።

የስልክ ከፍታ ልክ ከአግድሙ ይብሳል። በአንድ ቦታ ጠዋትና ማታ ብትለኩ 20 ሜትር ልዩነት ብታዩ አትደነቁ። ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰዓት ለክታችሁ አማካዩን ያዙና ወደ ቅርቡ አሥር አጠጋጉት። «1,843.7 ሜትር» ብሎ መጻፍ ያልተለካን ነገር እንደተለካ ማስመሰል ነው። የመንደሩን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቦታ ለዩ፤ በጅማ አንዲት መንደር ከጨፌው እስከ ጋራው 300 ሜትር ልትወጣ ትችላለች፣ አንድ ቁጥር አይገልጻትም።

በተለምዶ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ ከዚያ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ ይባላል። ሰብሉ ከቁጥሩ ይልቅ ይናገራል። ቡናው በጥላ ሥር አምሮ የሚታየው ወይና ደጋው ላይ ነው፤ ወደ ላይ ስትወጡ ቡናው እየሳሳ እንሰትና ገብስ ይተካል፣ ወደ ጎጀብና ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ ማንጎና ማሽላ ይበዛል። ቡና የት ላይ እንደሚያቆም ጠይቃችሁ ያንን ቦታ ለኩት። መንደሩን እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ መሥመር የለም።

ቀጥሎ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ጅማ ዞን ለሁለት ተፋሰስ የተከፈለ አገር ነው። ወደ ጊቤ፣ ወደ ግልገል ጊቤ ወይም ወደ ጎጀብ የሚወርደው ሁሉ ኦሞን ተቀላቅሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ዲዴሳ የሚወርደው ግን ዓባይን ያገኛል። ጅማ ከተማን የሚያቋርጠው አዌቱ የመጀመሪያው ወገን ነው፤ በአጋሮ በኩል ጎማ ወረዳ ላይ የምትጀምሩት ደግሞ ዲዴሳን ታገኛላችሁ። «መንደሯ በእገሌ ጅረት ላይ ናት፣ ጅረቱ እገሌ ወንዝ ይገባል፣ ያም ግልገል ጊቤ ይገባል» ብላችሁ እስከ ትልቁ ወንዝ ሰንሰለቱን ጻፉ። በሁለት ጅረቶች መካከል ያለች ጋራ ላይ የተቀመጠች መንደር ካጋጠማችሁ በሁለቱም በኩል ጠይቁ።

አፈሩ ባጭሩ ይበቃል። ተዳፋቱ ላይ ጥልቅ ቀይ አፈር፣ ረግረጉ ዳር ጥቁር ኮትቻ። ኮትቻው በክረምት ስለሚውጥ በጋ ስለሚሰነጠቅ ቤት አይሠራበትም፣ መንደሮቹም ጨፌውን ለከብት ትተው ከፍ ብለው የተቀመጡት ለዚህ ነው።

ስሙ የሚነግራችሁ

ስም ጠይቆ ዝም ብሎ መጻፍ ትልቅ ነገር መጣል ነው። በዚህ አካባቢ የቦታ ስም አብዛኛው የኦሮምኛ ቃል ነው፣ ቃሉም መልክዓ ምድር ነው። ጨፌ ካለ ረግረግ ሣር አለ ወይም ነበረ፤ ቡርቃ ካለ ምንጭ፤ ቱሉ ካለ ኮረብታ፤ ለጋ ካለ ወንዝ፤ ሆራ ካለ ከብት የሚጠጣው የአምቦ ውኃ፤ ኦዳ ካለ ሾላ፤ ኦና ካለ ሰው ለቅቆት የነበረ ቦታ። ኬላ የሚባል ካለ የድሮው የጅማ መንግሥት የመግቢያ በር የነበረበት ሊሆን ስለሚችል አዛውንት ጠይቁ። ጨፌ የሚባል ቦታ ሄዳችሁ ረግረግ ካጣችሁ መቼ እንደደረቀና ምን እንደተዘራበት መዝግቡ። ባሕር ዛፍ ከሆነ መልሱ ከፊታችሁ ቆሟል።

አጻጻፉን በግዕዙ ፊደልም በቁቤም (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ያዙ፤ በግዕዙ ፊደል ማጥበቅና ማርዘም ስለማይታይ ቁቤው ይለየዋል። በአማርኛ ስትጽፉ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት የተጻፈ ስም ለአንባቢ ሦስት መንደር ነው።

ሰው መቁጠር

የሕዝብ ቁጥር ከየት ይመጣል? የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ ግንቦት 20 ቀን 1999 የተካሄደው ነው፤ ከሱ በፊት በጥቅምት 1987 እና በግንቦት 1976 ተቆጥሯል። በ1999 ጅማ ዞን፣ ለብቻ የተቆጠረችውን ጅማ ከተማን ሳይጨምር፣ 2,486,155 ሕዝብ ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 160 ሰው ያህል፣ በአንድ ቤተሰብ ደግሞ በአማካይ 4.77 ሰው። ያን ቁጥር እንደ ዛሬ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ አግብቶ ወልዷል። ደግሞም ወረዳዎች ተከፍለዋል፤ ከዴዶ የወጣውን ማንቾን ወይም ከኦሞ ናዳ የወጣውን ኦሞ በያምን በ1999 ሠንጠረዥ ላይ በስሙ አታገኙትም፣ በእናት ወረዳው ሥር ፈልጉ።

ለዛሬው ቅርብ የሚሆነው ጤና ኬላው ያለው የቤተሰብ ማኅደር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ ነፍሰ ጡሯንም አራስዋንም ያውቃሉ። ሆኖም ማኅደሩ የሚከፈተው ለቀበሌው በጠቅላላ ስለሆነ የመንደራችሁን ብቻ መለየት አለባችሁ፤ የለቀቀ ቤተሰብም ማኅደሩ ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል። የልማት ሠራተኛው መዝገብ የሚይዘው ደግሞ አርሶ አደሩን ነው፤ መሬት የሌለው ወጣትና ባሏ የሞተባት ሴት ከዚያ ይጎድላሉ።

በሳተላይት ፎቶ ጣሪያ ቆጥሮ መገመትም ይቻላል፤ ለብቻው ግን አይታመንም። አንድ ቤተሰብ ዋናው ቤት፣ ማድ ቤቱና የከብት ቤቱ ለየብቻ ጣሪያ አላቸው፣ የሣር ቤት ደግሞ በዛፍ ጥላ ይሸፈናል። 20 ቤተሰብ መርጣችሁ በአካል ጣሪያቸውን ቁጠሩ። 46 ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ 2.3 ጣሪያ ነው፤ ፎቶው ላይ 410 ጣሪያ ካያችሁ 178 ቤተሰብ ገደማ ይጠበቃል። ይህ ቁጥር በኋላ ቤት ለቤት ስትዞሩ አንድ ሰፈር ሙሉ መዘለሉን የሚያሳብቅ መቆጣጠሪያ ይሆናል።

መንደሯ ትንሽ ከሆነች ግን ራሳችሁ ቁጠሩ። አንድ ጠያቂ በቀን 15 ቤት በደንብ ይጨርሳል፤ 180 ቤት ለሦስት ሰው የአራት ቀን ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መሥመር ስጡ፦ የቤት ቁጥር፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ዘወትር የሚኖርበት ቦታ፣ ትናንት ሌሊት ያደረበት፣ የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ዋና ሥራ። የተቆጠረውን ቤት በር በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት፤ ካልጻፋችሁ በሦስተኛው ቀን የተደገመውና የተዘለለው አይለይም።

«ቤተሰብ» ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነው ብላችሁ ተስማሙ። በአንድ ግቢ ያገባ ልጅ የራሱን ምድጃ ከለየ ሁለት ቤተሰብ ነው። ነዋሪ ደግሞ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖረ ወይም ለመኖር የመጣ ነው። ይህን ስታደርጉ በጅማ ገጠር የሚያጋጥሙ ልዩ ነገሮች አሉ፣ ቁጥር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ሚስት ያለው አባወራ በስሕተት በሁለቱም ቤት ተደግሞ ይመዘገባል። አንደኛዋ ሚስት ላይኛው ሰፈር፣ ሁለተኛዋ ታችኛው ሰፈር ትኖር ይሆናል፤ ሁለቱም «የቤቱ ኃላፊ ባሌ ነው» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እሱን በአንደኛው ቤት ብቻ ቁጠሩ፤ በሁለተኛው ቤት ሚስቲቱን ኃላፊ አድርጋችሁ ማስታወሻ ያዙ።

ብዙ ሰው የሚጠራው በመዝገብ ስሙ አይደለም። በዚህ አገር ወንዱ «አባ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ጎረቤት በአባ ስሙ፣ ቀበሌው በመዝገብ ስሙ ይጠራዋል። ሁለት ጠያቂዎች ከተለያየ ሰው ሲሰሙ አንዱን ሰው ሁለት አድርገው ይይዙታል። ሁለቱንም ስም ጻፉ።

ደረሳዎች ይረሳሉ። ሸኹ ግቢ ቂርኣት ሊማሩ ከሩቅ የመጡ ልጆች ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀመጣሉ፤ የማንም ልጅ ስላልሆኑ ማንም አያስቆጥራቸውም። በተቃራኒው ደግሞ ለትምህርት አጋሮ ወይም ጅማ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን ልጅና ለሥራ ዓረብ አገር የሄደችውን ልጅ እናት ከሌሎቹ ጋር አብራ ትቆጥራለች። ለእናት ልጇ ከቤቷ አልወጣችም፤ ለመዝገባችሁ ግን «ነዋሪ የነበረች፣ አሁን ውጭ ያለች» ብላችሁ በሌላ ዓምድ ያዟት። ይህ ዓምድ በራሱ ስለ መንደሩ ብዙ ይናገራል።

ዕድሜ ስትጠይቁ «ሠላሳ»፣ «አርባ»፣ «ስልሳ» የሚል መልስ ይበዛል። እንዲህ ሂዱበት፦

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ሆነ?»
«እኔ እንጃ ልጄ፣ ስልሳ ይሆናል።»
«መሬት ላራሹ ሲታወጅ አግብተው ነበር?»
«አግብቼ! የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነው የሰማሁት።»

አዋጁ 1967 ነው። በዚያን ጊዜ ቢያንስ 18 ዓመት ቢሆናቸው የተወለዱት በ1949 ገደማ ነው፤ በ2017 ሲጠየቁ 68 እንጂ ስልሳ አይሆኑም። የእናንተን የዘመን መቁጠሪያ አዘጋጁ፦ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ ንጉሡ የወረዱበት 1967፣ ረሃቡና ከወሎ ሰፋሪ የመጣበት 1977፣ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 1983፣ ሚሊኒየሙ መስከረም 2000። በነሱ መካከል የመንደሩን ጨምሩ፤ መስጊዱ የታነጸበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ድልድዩ የተሠራበት። ከዓመት በታች ያለ ጨቅላ ብዙ ጊዜ እንደ ሰው ስለማይነገር «ገና ጡት የሚጠባ አለ?» ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ።

ካበቃችሁ በኋላ ቁጥሩን መርምሩ። የወንድ ቁጥር ለሴት ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ከ90 በጣም ካነሰ ወይም ከ110 በጣም ከበለጠ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ወይ ወጣቶቹ ሄደዋል ወይ ለቃሚዎች ተቆጥረዋል ወይ ሴት ልጆች ተዘልለዋል። በ0 እና በ5 የሚያበቁ ዕድሜዎች ከተከመሩ የዘመን መቁጠሪያው አልተሠራበትም። ለምሳሌ ያህል የተቆጠረችው መንደር 183 ቤተሰብና 879 ሰው ቢኖራት በቤተሰብ 4.8 ነው፤ ከ1999 የዞኑ አማካይ ጋር ስለሚቀራረብ አያስደነግጥም። 3 ወይም 7 ቢወጣ ግን የቤተሰብ ትርጉሙ ተዛብቷል። ስፋቷ 312 ሄክታር ከሆነ፣ ማለትም 3.12 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥግግቱ በካሬ ኪሎ ሜትር 282 ሰው ነው። ከ15 ዓመት በታች 378፣ ከ15 እስከ 64 ያሉት 466፣ 65ና ከዚያ በላይ 35 ቢሆኑ ለመቶ ሠራተኛ 89 ጥገኛ አለ ማለት ነው።

ውኃና መንገድ ከሕዝቡ ጋር

ቁጥሩ ጠቃሚ የሚሆነው ከመሬቱ ጋር ሲገናኝ ነው። መጋቢት ላይ ምንጩ ሄዳችሁ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን አስጠግታችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፤ አምስት ጊዜ ሙሉና አማካዩን ውሰዱ። በ80 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ሩብ ሊትር ነው፣ በቀን 21,600 ሊትር። ለገጠር በሰው በቀን 25 ሊትር በሚለው የአገራችን መለኪያ 864 ሰው ይበቃዋል፤ መንደሯ 879 ናት። ወረቀት ላይ ትንሽ ነው የጎደለው። ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን ሌሊት የሚፈሰው ሁሉ ለጨፌው ስለሚሄድ ቀን ላይ ሴቶቹ ይሰለፋሉ። ወረፋውንም በሰዓት ያዙ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንት ጀሪካን ቆሟል፣ የመጨረሻዋ መቼ ቀዳች?

ርቀት ስትጽፉ በኪሎ ሜትርም በእግር ሰዓትም፣ በበጋም በክረምትም ይሁን። «ከአስፋልቱ 6 ኪሎ ሜትር» ማለት በጥር በሞተር ሩብ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ በሐምሌ ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ማዶ መጠበቅ ነው። ባጃጁ የት እንደሚያቆም፣ አባዱላው በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ቡና የሚጭነው አይሱዙ እስከየት እንደሚደርስ ለዩ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትሄደው አይሱዙው ካቆመበት ቦታ በላይ ላለው መንገድ ነው፤ ያን ርቀት በእርግጠኝነት ለኩት።

አጻጻፉ

«መንደሯ ለም አፈርና ተስማሚ አየር ያላት፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ የሚኖርባት ውብ ስፍራ ናት» የሚለው ለየትኛዋም መንደር ይሆናል፣ ስለዚህ ስለማንኛዋም አይናገርም። ለሞዴል ያህል፣ ቁጥሮቹ የምሳሌ ሆነው፣ እንዲህ ይጻፋል፦ «መንደሯ ከወረዳው ከተማ በስተ ደቡብ 9 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከ1,690 እስከ 1,930 ሜትር ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ በኩል ጨፌውን ተከትሎ የሚወርደው ጅረት ወሰኗ ነው፤ ወደ ግልገል ጊቤ ይፈስሳል። ስፋቷ በየካቲት 2017 በእግር ተዞሮ ሲለካ 312 ሄክታር ሆኗል፤ በሰሜን 8 ሄክታር ያህሉ የግጦሽ መሬት ከጎረቤት መንደር ጋር ያልተቋጨ ወሰን ነው። በዚያው ወር ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ ዘወትር የሚኖሩ 879 ሰዎች በ183 ቤተሰብ ተመዝግበዋል፤ 41 ሰዎች ከስድስት ወር በላይ ውጭ ስላሉ አልተካተቱም።» እያንዳንዱ ቁጥር ወሰኑን፣ ወሩንና እንዴት እንደተገኘ አብሮ ይዟል።

ዘመኑን ስትጽፉ ዓመተ ምሕረት ወይም እንደ ጎርጎርዮሳዊው መሆኑን አንድ ጊዜ አስታውቁ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የሕዝብ ዕድገት ስሌትን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል። የቤቱን ኃላፊ ስም፣ የማን ሚስት የት እንደምትኖር፣ ማን ዓረብ አገር እንዳለች የሚያሳየው የመስክ ወረቀት ለማንም አይሰጥም፤ በካርታው ላይም የግለሰብ ቤት በቁጥር አይለይ። የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው፤ በአንድ ሰፈር ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ የሚገባበት ክፍል ካለ ከሌላው ጋር አዋሕዱት።

የተጠናቀቀውን በሦስት ቅጂ አትሙ፤ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ኬላው። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አራቱን የወሰን ሰዎችና የአፎሻውን ዳኛ ሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተ የጅረት ስም ወይም የተዘለለ ሰፈር የሚገኘው ያኔ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ አራት ዓምድ ያለው ባዶ ሠንጠረዥ ተዉ፦ የተወለደ፣ የሞተ፣ የመጣ፣ የሄደ። የአፎሻው ጸሐፊ ለቀብር ሲወጣም ለሠርግ ሲጠራም ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ስለሚያውቅ በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ ይሞላዋል፤ 879 ላይ የተወለዱትንና የመጡትን ደምሮ፣ የሞቱትንና የሄዱትን ቀንሶ፣ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል።